የኮምፒዩተር ፕሮግራም የማን ነው? ከሸዋ ሮቢት የተነሣ የሕግ ጥያቄ



ፋኩልቲው ስለ አእምሯዊ ንብረት ሕግ እንድናገር ሲጋብዘኝ በመጀመሪያ ያሰብሁት ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ተነሥቼ ወደ አገራችን ሕግ ለመምጣት ነበር። ኋላ ግን ያልከፈልሁት አንድ ዕዳ ትዝ አለኝና መንገዱን ገለበጥሁት። ዕዳው ያለው ሸዋ ሮቢት ነው።

ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ይፋት ቆላ የገባ ሰው ሸዋ ሮቢትን ያውቃታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማው 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በዝናብ ደግሞ ማሾና ጤፍ የሚመረትባት አካባቢ የንግድ ማዕከል ናት። በዚያ ንግድ ውስጥ ከሚዛኑ ቀጥሎ ትልቁ ነገር ደብተሩ ነው። ለየትኛው ገበሬ ስንት ብር በቅድሚያ ተሰጠ፣ ስንት ኩንታል ገባ፣ የደላላው ድርሻ ስንት ነው፣ የጫኝና አውራጁስ ማን ከፈለ፤ ይህ ሁሉ የሚያድረው ነጋዴው በጉያው በሚይዘው ደብተር ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቅ ይህን ደብተር ወደ ኮምፒዩተር የሚያመጣ ፕሮግራም ጻፈ። ስሙን አልጠራም፤ የነጋዴውንም እንዲሁ። ፕሮግራሙን ያዘዘው አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። ውሉ የቃል ነው፤ ክፍያው በሁለት ጊዜ ተከፈለ። ልጁ አራት ወር ሠርቶ አስረከበ። ዓመት ሳይሞላ ያው ፕሮግራም በሰንበቴና በአጣዬ፣ በሌሎች ነጋዴዎች ሱቅ ሲሠራ አገኘው። በፍላሽ ተገልብጦ ከእጅ ወደ እጅ ሄዷል። በአንዱ ሱቅ እንዲያውም በመክፈቻው ገጽ ላይ የነበረው የልጁ ስም ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ገብቷል።

ልጁ ወደ ነጋዴው ሄደና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የእኔ ሥራ ነው» አለ። ነጋዴው ሳይቆጣ መለሰለት፤ «ልጄ፣ ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት አይደለም ወይ? በሬ ገዝቼ ለወንድሜ ባውሰው የሸጠልኝ ሰው ይከሰኛል?»

ልጁ ይህን ይዞ ወደ እኔ መጣ። እኔም ብዙ ሳልጠይቅ «ሕጉ ካንተ ጋር ነው» አልሁት። ያን ማታ አዋጁን ገልጬ ሳነብ የተናገርሁት ግማሽ እውነት መሆኑ ገባኝ። ዕዳዬ ያ ቃል ነው። የዛሬው ንግግሬም ለዚያ ልጅና ለነጋዴው መስጠት የነበረብኝን መልስ ዘግይቶም ቢሆን ለመስጠት የሚደረግ ሙከራ ነው።

የበሬው ምሳሌ

የነጋዴውን ክርክር አቅልለን እንዳናልፈው። በተራ ንብረት ሕግ ረገድ ትክክል ነው። የገዛሁትን በሬ ማረስ፣ ማዋስ፣ መሸጥ፣ ማረድ መብቴ ነው። ነገር ግን በሬዬን ለወንድሜ ሳውስ በረቴ ባዶ ይሆናል። ፕሮግራምን በፍላሽ ስሰጥ ከእኔ የሚጎድል የለም፤ አንዱ በሬ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ይሄዳል። የሚጎድለው ሌላ ሰው ዘንድ ነው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፕሮግራም ሊሸጥ ይችል ከነበረው ሰው ዘንድ። የቅጂ መብት ሕግ የተፈጠረው ለዚህ ጉድለት ነው። ሻጩ ያስረከበው አንድ ቅጂ ነው፤ የማባዛት ሥልጣን ግን ከቅጂው ጋር አብሮ አይሸጥም።

በአገራችን ይህ ሐሳብ በሕግ የተጻፈው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከአንቀጽ 1647 እስከ 1674 ያሉት ድንጋጌዎች ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይናገሩ ነበር፤ ስለ ኮምፒዩተር ግን፣ ዘመኑ አልነበረምና፣ ምንም አላሉም። ክፍተቱን የሞላው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ጽሑፍ ጎን አሰልፎ «ሥራ» ብሎታል። በዚህም የዓለምን መንገድ ተከትሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተፈረመው ከንግድ ጋር የተያያዙ የአእምሯዊ ንብረት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 10 ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ ይደነግጋልና።

ጥበቃውን ለማግኘት ማመልከቻ ማስገባት፣ ማኅተም ማስመታት አያስፈልግም። በአንቀጽ 6 መሠረት ሥራው ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከአእምሮ ወጥቶ በወረቀትም ሆነ በዲስክ ላይ ከሰፈረ፣ መብቱ በዚያው ቅጽበት ይወለዳል። አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ግለሰብ ለራሱ መገልገያ የታተመ ሥራን አንድ ቅጂ እንዲያባዛ የሚፈቅደው አንቀጽ 9 እንኳ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ለይቶ አውጥቶታል። ለፕሮግራም የተፈቀደው በአንቀጽ 14 ያለው ብቻ ነው፤ ቅጂውን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለተገዛበት ዓላማ ለመጠቀም፣ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ለመተካት፣ አንድ መጠባበቂያ ሊኖረው ይችላል። ለወንድም ማዋስ በዚህ ውስጥ የለም።

እስከዚህ ድረስ የነጋዴው የበሬ ምሳሌ ወድቋል፤ ልጁም የረታ ይመስላል።

ያልጠየቅሁት ጥያቄ

ልጁን መጠየቅ የነበረብኝና ያልጠየቅሁት «የተፈራረማችሁት ወረቀት አለ?» የሚለውን ነው። አዋጁ በአንቀጽ 21 ስለ ባለቤትነት ሲደነግግ ሥራ አመንጪው የመጀመሪያው ባለቤት ነው ብሎ ይነሣል፤ ነገር ግን ሥራው የተሠራው ተቀጥሮ ወይም ታዝዞ ከሆነ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የቀጣሪው ወይም የአሠሪው ይሆናል። ሕጉ ዝምታን የሚተረጉመው ለገንዘብ ከፋዩ ነው።

ይህን አንቀጽ ይዘን ወደ ሸዋ ሮቢት ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። ነጋዴው ፕሮግራሙን ያዘዘ ሰው ነው። በጽሑፍ የሰፈረ ተቃራኒ ስምምነት የለም። ስለዚህ ጠበቃው «ደንበኛዬ ቅጂ የገዛ ሰው ሳይሆን የመብቱ ባለቤት ነው፤ ለወንድሙም ለአጎቱም ቢሰጥ ያሰጠዋል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ልጁ በበኩሉ «እኔ በራሴ ጊዜ፣ በራሴ መሣሪያ የሠራሁትን አንድ ዕቃ ሸጥሁ እንጂ ጉልበቴን አላከራየሁም» ሊል ይችላል። ይህም የማይናቅ ክርክር ነው። ግን ያ ክርክር በምስክር፣ በሁለት ጊዜ ክፍያ ትርጉምና በቃል ንግግር ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ጉዳዩን ሳይጀመር ይዘጋው ነበር።

ታዲያ ለልጁ ምን ቀረለት? የሞራል መብቱ። በአንቀጽ 8 የሥራው አመንጪ እርሱ መሆኑ እንዲታወቅ፣ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ኢኮኖሚያዊ መብቱ የማንም ይሁን የማን ከአመንጪው ጋር ይኖራል። ስለዚህ ከሁሉ ቀላል የምትመስለው በደል፣ በመክፈቻው ገጽ ላይ ስሙን የፋቀችው እጅ፣ በሕግ ዓይን ከሁሉ ግልጽ የሆነችው ጥፋት ሆና እናገኛታለን። አዋጁ ሲወጣ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ሆን ብሎ መብት ለጣሰም ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት አስቀምጧል።

ቁጥሮቹ ያስደነግጣሉ። ግን ሕግን በቅጣቱ ቁመት ብቻ የሚለካ ሰው ይሳሳታል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ርዝመትም መለካት አለበት። የአእምሯዊ ንብረት ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ደግሞ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በክልል የሚሠራበት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ስለዚህ ይህ ልጅ በደጁ ካለው የወረዳ ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። እንደ ጉዳዩ ዓይነትና ግምት ዳገቱን ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወይም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሄድ አለበት። የአራት ወር ሥራው ዋጋ ለትራንስፖርት፣ ለአልጋና ለጠበቃ አይበቃም። ልጁ አልከሰሰም። አልፈርድበትም።

ወራጅ ውኃና ቦይ

አሁን ከዚሁ ታሪክ አንድ ሌላ ቅርንጫፍ ልውሰድ። በአካባቢው ያለ ሌላ ወጣት ያንን ፕሮግራም በአንድ ሱቅ ሲሠራ አየ እንበል። ፋይሉን አልነካም። «ይህማ ሸጋ ሐሳብ ነው» ብሎ ቤቱ ገብቶ፣ የገበሬ ስም፣ ቅድሚያ፣ ኩንታል፣ የደላላ ድርሻ የሚመዘግብ የራሱን ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ ጻፈ። ጥፋተኛ ነውን?

አይደለም። የአዋጁ አንቀጽ 5 ሐሳብ፣ ሥርዓት፣ ዘዴ፣ የአሠራር መንገድ፣ ቀመር፣ ቅጽ አይጠበቁም ይላል። የይፋት ገበሬ ይህን ከማንም መምህር በተሻለ ይረዳዋል። የወንዙ ውኃ የማንም አይደለም፤ በተራ ይጠጣል፣ ተራውንም የውኃ አባት ያስከብራል። ቦዩን የቆፈረ ሰው ግን ድካሙ ይታወቅለታል፤ ሳይጠይቁ ቦዩን ሰብሮ ወደ ራስ ማሳ መመለስ ያስወቅሳል፣ ያስቀጣልም። ወንዙ ሐሳብ ነው፤ ቦዩ አገላለጽ። ሌላው ሰው ከዚያው ወንዝ የራሱን ቦይ ቢቆፍር የመጀመሪያው ቆፋሪ «ውኃው የእኔ ነው» ሊል አይችልም።

የውጭ ፍርድ ቤቶችም ከዚህ የተለየ አላሉም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በሳስ ኢንስቲትዩት ጉዳይ የፕሮግራም ተግባር፣ የፕሮግራም ቋንቋና የፋይል አቀማመጥ በቅጂ መብት እንደማይጠበቁ ወስኗል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በጉግልና በኦራክል ክርክር፣ ጉግል 11,500 ያህል የጃቫ መስመሮችን መውሰዱን ፍትሐዊ አጠቃቀም ብሎታል። ሁለቱም ፍርዶች የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ ኋላ የሚመጣው ሠሪ ወንዙ ተዘግቶ እንዳያገኘው።

ፊደሉ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የገዛ ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ በዚሁ ጥያቄ የተሞላ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን በጽሕፈት መኪና ለማስገባት ከደከሙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ኮምፒዩተር አሻገሩት። በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ «ሞዴት» የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ፤ አቶ ፍስሐ አጥላው ደግሞ ዳሸን የተባለውን። በአገር ቤትም ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉት ተከተሉ። የመጀመሪያዎቹን ሠሪዎች አገር አላመሰገናቸውም ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በየጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ያየሁት ቅጂ በአብዛኛው የተገለበጠ ነበር።

ግን ሌላም ገጽ አለው። እያንዳንዱ ሠሪ ፊደላቱን በራሱ የቁጥር ኮድ ስለደለደለ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። መመረቂያ ጽሑፋቸውን አትመው፣ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን ሲከፍቱ የአራት ማዕዘን ሰልፍ ያገኙ መምህራን ዛሬም በዚህ አዳራሽ ይኖራሉ። በር የዘጋብን የአንድ ሰው ክፋት አልነበረም፤ የጋራ መሆን የነበረበት ነገር በየግል አጥር ውስጥ መቅረቱ ነው። አጥሩ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ሦስተኛ እትሙን ሲያወጣ ነው። 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ለማንም ክፍት የሆነ ቋሚ አድራሻ አገኙ። ዛሬ ከሸዋ ሮቢት የተላከ መልእክት በዋሽንግተን ሳይዛባ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ለፊደል አገባብ ዘዴያቸው ፓተንት አግኝተዋል። በኢትዮጵያውያን መካከልም ክርክር ተነሥቷል፤ አንዱ ወገን «የፈጣሪ ድካም ይከበር» ሲል፣ ሌላው «አባቶች ያወረሱንን ፊደል ለመተየብ ፈቃድ መጠየቅ አለብን ወይ» ይላል። ለሕግ ተማሪ ሁለቱም ጥያቄውን በትክክል አላስቀመጡትም። ፓተንቱ ፊደሉን አይመለከትም፤ የሚመለከተው አንድን የመተየቢያ ዘዴ ነው። ፓተንት ደግሞ ግዛታዊ ነው፤ የአሜሪካ ፓተንት በአሜሪካ ይጸናል፣ ጣርማ በርን አይሻገርም። በእኛ አገር የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በአንቀጽ 4 የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ፓተንት ከማይሰጥባቸው ነገሮች መድቧቸዋል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ሠሪ የቀረው መጠለያ የቅጂ መብት ነው፤ እርሱም ዘዴውን ሳይሆን የጻፈውን ኮድ ብቻ ይጠብቅለታል። የፈጣሪው ቅሬታ መሠረት እዚህ ላይ ነው፤ ቅሬታውም ክብር ይገባዋል። ቢሆንም ሕግ አውጪው ዘዴን ለጋራ መተዉን ደግፌ እቆማለሁ። በ1990ዎቹ በየግል ኮዱ የደረሰብንን አይተናልና።

የመገልበጥ ልማድ

«የመገልበጥ ባህል አለብን» ሲባል እሰማለሁ። በባህላችን መገልበጥ ነውር አልነበረም። ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ጽድቅ ሠራ ይባል ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ የሚጻፈው ውግዘትም የሰረቀውንና የፋቀውን እንጂ የገለበጠውን አይነካም። በአንጻሩ በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ያፍራል። ስለዚህ አያቶቻችን ማባዛትን ሲያከብሩ የሰው ድካም ለራስ ማድረግን ይጸየፉ ነበር። የሞራል መብት ከውጭ የመጣብን እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

እንግዳው ማባዛትን መከልከሉ ነው። ይህንንም ያልተማርንበት ምክንያት አለ። የ1996ቱ አዋጅ በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ መኖሪያቸው ኢትዮጵያ የሆነ ሰዎችንና መጀመሪያ በኢትዮጵያ የታተሙ ሥራዎችን ነው። አዋጁ ሲወጣ ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ስለዚህ አንድ ትውልድ ሙሉ የውጭ ፕሮግራሞችን በ20 ብር ሲዲ እየገለበጠ ሲያድግ የሚከለክለው ሕግ ደብዛዛ፣ የሚቆጣውም ኩባንያ ሩቅ ነበር። ልማዱ ግን ሩቅና ቅርብ አይለይም። በባሕር ማዶ ኩባንያ ላይ የተለማመደ እጅ የጎረቤቱን ልጅ ሥራ ሲያገኝ አልቆመም። ኩባንያው ኪሳራውን አልተሰማውም፤ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ግን ሙያውን ትቶ ሌላ ሥራ ፈለገ።

ምን እናድርግ?

ንግግሬን የማሳርገው በሦስት ነገሮች ነው።

አንደኛው ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ገጽ ተፈራረሙ። ኢኮኖሚያዊ መብቱ የማን እንደሆነ፣ ገዢው በስንት ኮምፒዩተር እንደሚጠቀም፣ የምንጭ ኮዱ ይሰጥ እንደሆነ፣ ጥገናውን ማን እንደሚሠራ ይጻፍ። ነጋዴው አይከፋውም፤ በሬ ሲገዛም ምስክር ይጠራል። ሥራችሁንም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡ። ምዝገባው መብቱን አይፈጥረውም፤ ሲካድ ግን ያስረዳል።

ሁለተኛው ማካፈል ለሚወዱ ነው። ነጻ ፈቃድ የሚባለው አሠራር የቅጂ መብትን መተው አይደለም፤ በቅጂ መብት ላይ የቆመ ነው። «ግልበጡ፣ አሻሽሉ፣ ስሜን ግን አትፋቁ» ማለት የሚችለው ባለመብት ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ለብራና ጸሐፊዎቻችን ሥርዓት ከማንኛውም ፈቃድ ይቀርባል።

ሦስተኛው ለእኛ ለመምህራን ነው። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ የሚሠሩትን ፕሮግራም እንቀበላለን፣ እናስቀምጣለን፣ አንዳንዴም ለሌላ መሥሪያ ቤት እናሳልፋለን። ተማሪ ተቀጣሪ አይደለም፤ ከፍሎ ወይም በወጪ መጋራት የሚማር ሰው ነው። ሥራው የእርሱ ነው። የራሳችንን ተማሪ ስም ሳንጠይቅ እየፋቅን የሸዋ ሮቢትን ነጋዴ ልንወቅስ አንችልም።

ያ ልጅ ዛሬ ቢጠይቀኝ «ሕጉ ካንተ ጋር ነው» አልለውም። «ስምህ ካንተ ጋር ነው፤ ገንዘቡን ግን ወረቀት ይወስነዋል፤ ና እንጻፈው» እለዋለሁ።



ከተሳታፊ የቀረበ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ነጋዴው ሕጉን ሳያውቅ ነው ያደረገው። ባለማወቅ የተደረገን ነገር ወንጀል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ሕግን አለማወቅ ከኃላፊነት አያድንም፤ ነገር ግን ከባዱ ቅጣት የተጻፈው ሆን ብሎ ለሚጥስ ነው። ነጋዴው መብቱ የእርሱ መሆኑን በቅን ልቦና ያመነ ሰው ይመስለኛል፤ አንቀጽ 21ም ሊያግዘው ይችላል። ስሙን የፋቀው ሰው ግን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። እኔ ልጁን ወክዬ ብቆም ከነጋዴው ጋር በሽማግሌ እታረቃለሁ፤ ክሴን የማቀርበው በዚያኛው ላይ ነው።